ቁልፍና ቁልፉ

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በሯ ከበሬ ፊት ለፊት የሚተያይ ጎረቤት አለችኝ። የመጣችው ከኮንጎ ብራዛቪል ነው፤ የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አላት። ግቢው በሙሉ «ማዳም» ስለሚላት እኔም ማዳም እላታለሁ። አማርኛ ትሞክራለች፣ እንግሊዝኛ ብዙም አትደፍርም፣ በፈረንሳይኛ ግን ስታወራ ፊቷ ሁሉ ይፈታል። እኔም እሷ ከመጣች ወዲህ ማታ ማታ ፈረንሳይኛ እማራለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ ሁለት ነው። በዚህ ዕድሜ ምን አስጀመረህ ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆማ ሰላም ስትለኝ አንገቴን ነቅንቄ ብቻ ማለፍ ስለከበደኝ ነው። አባቴም አለበት። ስለሱ እመለሳለሁ።

እንጀራዬ ወረቀት ነው። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ አንድ ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ይዤ ማመልከቻ፣ የክስ ጽሑፍና የመልስ ጽሑፍ እጽፋለሁ። «ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት» የሚለውን አርዕስት ጣቶቼ ሳላያቸው ይጨርሱታል። ከባዱ ነገር ከአርዕስቱ በኋላ ያለው ነው። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ወንበሩ ላይ ይቀመጡና «ሰውየው መጥቶ አጥሩን አፈረሰብኝ» ይሉኛል። «እማማ፣ ሰውየው ማን ነው? አጥሩስ የቱ?» እላለሁ። ይገረማሉ። ለእሳቸው ሰውየው ሃያ ዓመት ሙሉ አጥር ለአጥር ሲጣሉት የኖሩት ጎረቤት ነው፤ አጥሩም በጓሮ በኩል ያለው የቆርቆሮ አጥር ነው። ዳኛው ግን ሰውየውንም አጥሩንም አይተው አያውቁም። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ «አንድ ግለሰብ» ይገባል፣ ስሙ ይጠራል፣ ከዚያ ወዲያ ነው «ግለሰቡ» ማለት የሚቻለው። «አንድ የቆርቆሮ አጥር» ይቀድማል፣ «አጥሩ» ይከተላል። ሃያ ስምንት ዓመት ይህን ጥያቄ ሰው ስጠይቅ ኖሬአለሁ።

ያን ጥያቄ ራሴን ያልጠየቅሁበት ቀን ግንቦት 2 ነው።

ግንቦት 1 ልደታ ነው፤ ለእኛ ሠፈር ድርብ በዓል ነው፣ የደብሩም የሠፈሩም ስም እሱ ነውና። ኮንዶሚኒየም ገባን ብለን ወጉን አልተውነውም። እናቶች ብር ያዋጣሉ፣ ከእድሩ ዕቃ ቤት ትልቁ ብረት ድስት ይወጣል፣ ስንዴው ባቄላው ሽምብራው ግቢ ውስጥ ይቀቀላል። የልደታ ንፍሮ ደጅ ይበላል እንጂ ቤት አይገባም። በዚያ ቀን ሰው ከየፎቁ ይወርዳል፤ ዓመቱን ሙሉ ደረጃ ላይ ብቻ የሚተላለፈው ሁሉ ሣር ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ማዳምም ልጇን ይዛ ወረደች። ሳህን ተሰጣት፣ አሮጊቶቹ መረቋት፣ «አሜን» አለች። አሜንን ከእኛ መማር አላስፈለጋትም። ልጇ ከግቢው ልጆች ጋር ብይ ሲጫወት አመሸ።

በማግስቱ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ቢሮዬ እያለሁ፣ መልእክት ላከችልኝ። የበሯ ቁልፍ ጠፍቷል። በሩ ሲሳብ ራሱን የሚቆልፍ ዓይነት ስለሆነ ጠዋት ስትወጣ አላወቀችም፣ ሥራ ቦታ ቦርሳዋን ስትከፍት ነው የደነገጠችው። ቁልፍ ሠሪ ለአሥር ሰዓት ቀጥራለች። ምናልባት ትናንት ንፍሮው የተበላበት ቦታ ወድቆ እንደሆነ እንዳይላት፣ እንዳስቸገረችኝ አውቃ ይቅርታ ጠይቃ፣ ለመነችኝ። ቢሮዬን ለጓደኛዬ ሰጥቼ ሄድኩ።

ብዙም አልፈለግሁ። የሦስቱ ጉልቻ ድንጋይ ገና አልተነሳም፤ አመዱ በሌሊት ካፊያ ረጥቦ ጠቁሯል። ከአመዱ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ ሣሩ ውስጥ፣ አንድ ቁልፍ ተኝቷል። ነሐስማ ነው፣ ጥርሶቹ ውስጥ ጭቃ ገብቷል። ደስታዬ ልኩን አለፈ። እዚያው ቁጢጥ እንዳልኩ ስልኬን አወጣሁና በፈረንሳይኛ ጻፍኩላት፦ «ዤ ትሩቬ ላ ክሌ።»

ወዲያው መለሰች። ሜርሲ፣ ሜርሲ ቦኩ፤ ቁልፍ ሠሪውን እንዳይመጣ ነግሬዋለሁ፣ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ እመጣለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ደረጃውን ወጥቼ ቁልፉን በሯ ላይ የሞከርኩት። አይገባም። ጭቃውን በሸሚዜ ጫፍ ጠርጌ ደግሜ አየሁት፤ አጭር ነው፣ ጥርስ ያለው በአንድ ወገን ብቻ ነው። የጓጉንቸር ቁልፍ ነው። ከግቢው የአንዱ ሰው የጓጉንቸር ቁልፍ። የሷ አይደለም።

ደወልኩ፤ ስልኳ ተዘግቷል። ባትሪዋ አልቆ እንደነበር ማታ ነገረችኝ። ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነው። የምትሠራው ስታዲየም አካባቢ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሳትወጣ ብደርስባት ቁልፍ ሠሪውን መልሳ ትጠራዋለች ብዬ ወደ ባቡር ጣቢያው ሮጥኩ።

የልደታ ጣቢያ የሁለቱ ቀላል ባቡር መስመሮች ሐዲድ የሚገናኝበት ነው። ከጦር ኃይሎች የሚመጣውና ከምኒልክ አደባባይ በአብነት የሚወርደው እዚህ ይጋጠሙና እስከ መስቀል አደባባይ አንድ መንገድ ይጋራሉ። ባቡሩ ሥራ ከጀመረበት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ስጠቀምበት ኖሬአለሁ፤ እንደዚያ ቀን የዘገየብኝ ጊዜ ግን የለም። ተግባረ ዕድ። ሜክሲኮ። ሰው እንደ ጆንያ ተጠቅጥቋል፤ አንድ እጄ ብረቱን ይዟል፣ ሌላው ኪሴ ውስጥ ያን የሰው ቁልፍ ጨብጧል። አጠገቤ ሻንጣ የያዘች ወጣት «ይቅርታ፣ ቀጣዩ ለገሃር ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አዎ፣ ለገሃር ነው» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ጆሮዬ ያዘው።

አባቴ ለገሃር ነው የሠራው። የመንገደኛ ሻንጣ ተሸካሚ ነበር፤ በኋላ ዕቃ ክፍል ገባ። የባቡሩ ኩባንያ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር ከዚያ የለቀማቸውን ቃላት ማታ ማታ ቤት ይዞልን ይገባ ነበር። እኛ ልጆቹ ለገሃር ስንል ያርመናል፤ «ላ፣ ጋር» ይላል፣ መሀል ላይ ትንሽ ቆም ብሎ። ጋር ማለት ባቡር ጣቢያ ነው፤ ላ ደግሞ የብቻዋ ናት። ጣቢያው አጠገብ የነበረውን ስመ ጥር ምግብ ቤትም «ቡፌ ደ ላ ጋር» ሲል ቃላቱን አንድ በአንድ ነበር የሚያስቀምጣቸው፤ ቡፌ፣ የ፣ ያ፣ ጣቢያ። ማንኛውም ጣቢያ ሳይሆን የታወቀው ጣቢያ፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀው፣ እሱ ጠዋት ጠዋት የሚሄድበት። እኔ ግን ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ ቆም ማለቱ የድካም ይመስለኝ ነበር።

ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 ድሬዳዋ ገባ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ ዛሬም ቆሞ የምናየው የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው። ፈረንሳዮቹ ጣቢያውን ላ ጋር አሉት። ከተማው ሁለቱን ቃል አንድ ላይ ዋጠና ለገሃር አለ። ላ ትርጉሟ ቀርቶ የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ሆነች። ዛሬ «ለገሃር ጣቢያ» እንላለን፣ «ለገሃሩ ጋ እንገናኝ» እንላለን፤ መለያው ከፊትም ከኋላም ተደርቦ ማንም አይሰማውም። በዚህ ሰው አይወቀስም። የባዕድ ቃል ወደ አገር ሲገባ እንዲህ ነው የሚገባው፣ ከነልብሱ።

እኔም «ላ ክሌ»ን እንደዚሁ ነበር የዋጥኩት። ፈረንሳይኛ ሲጀመር የሚሰጠው የመጀመሪያው ምክር ስምን ከነአርቲክሉ፣ ከፊቱ ከምትቆመው መለያ ጋር፣ አጥኑ የሚል ነው። ጥሩ ምክር ነው። ላ ታብል፣ ላ ፖርት፣ ላ ክሌ እያልኩ ታክሲ ውስጥም መኝታ ላይም ስደግም ከረምኩ፤ ወንድና ሴቱን እንዳልስት ብዬ። ስደጋግመው ግን ላ ከክሌ ጋር ተጣበቀች። ሣሩ ላይ ቁጢጥ ብዬ ስጽፍ ቁልፍ ለሚለው ቃል ከአእምሮዬ የመጣው ድፍኑ «ላ ክሌ» ነው። ያሰብኩት «ቁልፍ አገኘሁ» ነው። የጻፍኩላት «ቁልፉን አገኘሁት» ነው። በአማርኛ ቢሆን በምንም ዓይነት አልሳሳትም ነበር። «ቁልፍ አገኘሁ» ብላት ኖሮ «የኔ ነው? ምን ይመስላል?» ብላ ትጠይቀኛለች። «ቁልፉን» ካልኩ ግን መጠየቅ ለምን ያስፈልጋታል? ጨርሼላታለሁ።

ለገሃርን አልፈን ስታዲየም ወረድኩ። መሥሪያ ቤቷ በር ላይ ያለው ጥበቃ «አሁን ወጣች፣ ሃያ ደቂቃ አይሆናትም» አለኝ። ምናልባት ሁለታችን በሁለት ባቡር ሜክሲኮ ላይ ተላልፈናል።

ስመለስ ዝናቡ ወርዷል። ሦስተኛ ፎቅ ደረጃው ላይ ከልጇ ጋር ተቀምጣለች፤ የራሷን ሹራብ አውልቃ ልጁን ጠቅልላዋለች፣ የልጁ ጫማ ውኃ ቋጥሯል። ስታየኝ ፈገግ ብላ ተነሳች፤ ያ ፈገግታ እስካሁን ይቆረቁረኛል። እጇን ዘረጋች። ምን ማድረግ እችላለሁ? ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት። ገልበጥ አድርጋ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና ቁልፉን አየችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

«ሴ ቲዩን ክሌ» አለች። «ስ ኔ ፓ ላ ክሌ።»

ቁልፍ ነው። ቁልፉ ግን አይደለም።

ብዙ ትምህርት ያልገለጸልኝን ነገር ያቺ እናት በሁለት አጭር ዓረፍተ ነገር ደረጃ ላይ ቆማ ገለጸችልኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት፣ በምችለው ሁሉ፣ በአማርኛም በፈረንሳይኛም። ቁልፍ ሠሪው ሌላ ሥራ ይዞ ቃሊቲ ሄዷል፤ ከነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት በፊት አይመጣም። ባለቤቴ በሩን ከፍታ ነገሩን ከሰማች በኋላ ምንም አላለችኝም፤ ልጁን አቅፋ ገባች፣ ጫማውን አወለቀችለት፣ እግሩን በፎጣ አደረቀች። በዚያች ሌሊት እነሱ የእኛ አልጋ ላይ አደሩ፣ እኛ ሳሎን።

ከመተኛታችን በፊት ግን ቡና ተፈላ። ረከቦቱ ቀረበ፣ ዕጣን ተጫረ። ማዳም አቦሉን ጠጥታ ስኒውን እየመለሰች በአማርኛ «ቡናውን እወዳለሁ» አለች።

«የትኛውን?» አለች ባለቤቴ ከልቧ። «አቦሉን ነው? ቶናው ገና ነው እኮ።»

ማዳም ግራ ገባት፤ እኔ ግን የቅድሙን የራሴን ስህተት ከጀርባው አየሁት። ፈረንሳይኛ አንድን ነገር በጠቅላላው እወዳለሁ ሲል ለ ወይም ላ ያስገባል፤ «ዤም ለ ካፌ» ይላል፣ በዓለም ላይ ያለውን ቡና ሁሉ ለማለት። እኛ ደግሞ «ቡና እወዳለሁ» ብለን ራቁቱን እንተወዋለን፤ «ቡናውን» ካልን ፊታችን ያለው የተወሰነ ቡና ነው። እሷ የአገሯን ልማድ አማርኛ ላይ አመጣችው፣ እኔ የአጠናን ልማዴን ፈረንሳይኛ ላይ። ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየችና «ቡና እወዳለሁ» አለች ቀስ ብላ፤ ባለቤቴም ቶናውን ቀዳችላት።

ከዚያ ወዲያ ሌሊቱ ትምህርት ሆነ። ስኒውን ጠቁማ «ዠ ብዋ ዱ ካፌ» አለች፤ ቡና እየጠጣሁ ነው። ለ አይደለም፣ ዱ ነው፤ ከዓለም ቡና ሁሉ ከፍላ ጥቂቱን ነው የምትጠጣው። ዳቦ ስትቆርስም «ዱ ፓን»፣ ውኃ ስትቀዳ «ደ ሎ»። አማርኛ ለዚህ የተለየ ቃል የለውም፤ ዳቦ በላሁ ማለት ይበቃናል፣ አንድ ሙሉ ድፎ እንዳልጨረስን ሁሉም ያውቃል። የለኝም ሲባል ደግሞ «አንድ» የምትለው ዩንም ዱውም ይጠፋና ደ ብቻ ትቀራለች፤ «ዠ ኔ ፓ ደ ክሌ»፣ ቁልፍ የለኝም። ይህን ስትል ሁለታችንም ዝም አልን። የለም የተባለ ነገር ምንም ዓይነት መለያ ባይሸከም ተገቢ ነው፤ ያልኖረውን ነገር የቱ ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ልጁ አልተኛም ነበር። እዚህ ትምህርት ቤት ስለገባ ፊደል እየቆጠረ ነው፤ ከቦርሳው የረጠበ ደብተሩን አውጥቶ ለባለቤቴ ያነብላታል። «ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ፣ ል፣ ሎ» አለ። አንዴ ድገመው አልኩት። ደገመው። እርሳስ ወስጄ አራቱን ፊደላት ከበብኳቸው። ለ፣ ግዕዙ፣ ለወንዴ ስም ነው፤ ለ ካፌ። ላ፣ ራብዑ፣ ለሴቴ፤ ላ ክሌ። ሌ፣ ኃምሱ፣ ለብዙ፤ ሌ ክሌ፣ ቁልፎቹ። ል፣ ሳድሱ፣ ስሙ በአናባቢ ሲጀምር፤ ሎ፣ ውኃው፣ ል ከኦ ጋር ተጣብቃ። የፈረንሳይኛ የታወቀ አርቲክል በሙሉ ከለ ቤት አይወጣም! ከደ ቤት ደግሞ ደ፣ ዱ እና ዴ ይመጣሉ። ዴ ያልታወቀ ብዙ ነው፤ ዴ ክሌ፣ ቁልፎች። ከዚህ ውጭ የሚቀሩት ለወንዴ ኧን፣ ለሴቴ ዩን ብቻ ናቸው። ማዳም ደብተሩን ወስዳ ለረጅም ጊዜ አየችው። ዛሬ ፈረንሳይኛ የሚጀምር ሰው ቢጠይቀኝ ሌላ ነገር ሳልናገር ለ ቤትን አስቆጥረዋለሁ።

ብዙውን ነገር የምትነግረው ይህች ትንሽ ፊደል መሆኗን ያየሁትም ያን ጊዜ ነው። «ክሌ» አንድም ቢሆን አሥር ለጆሮ ያው ነው፤ በጽሑፍ መጨረሻው ላይ የምትጨመረው የብዙ ቁጥር ምልክት አትነበብም። አንድ ይሁን ብዙ የሚታወቀው ከፊቱ ላ በመባሉ ወይም ሌ በመባሉ ነው። እኛ ቁልፍ፣ ቁልፎች፣ ቁልፉ፣ ቁልፎቹ እያልን ሁሉንም ከኋላ እንቀጥላለን። እነሱ ሸክሙን ከፊት ነው የሚያስይዙት።

ጾታው ይከብዳል፣ አልዋሽም። እኛ ዕቃን ሴት የምናደርገው ስናሳንሰው ወይም ስንወደው ነው፤ ቤቴ እንዴት ያለች ናት እንላለን፣ መኪናዋን አምጣት እንላለን። ፀሐይ ወጣች፣ ጨረቃ ወጣች። ፈረንሳይኛ ጨረቃን ሴት ሲያደርግ ይስማማናል፣ ፀሐይን ግን ወንድ ያደርጋል፤ ለ ሶሌይ። ጢም እንኳ ሴት ነው፤ ላ ባርብ። እዚያ የተናጋሪው ስሜት ቦታ የለውም፤ ቃሉ አንዴ ተወስኗል። ስለዚህ ስምን ከነአርቲክሉ ማጥናት ግድ ነው። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት ወዲህ የማጠናው በላ ሳይሆን በዩን ነው። ዩን ክሌ፣ ዩን ታብል፣ ኧን ሊቭር። ምክንያቴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ትምህርት ቤትን «ሌኮል» ብዬ ባጠና ል ጾታውን ትደብቅብኛለች፤ «ዩን ኤኮል» ካልኩ ሴት መሆኗ ይታያል። ሁለተኛ፣ ድንገት ከአፌ የሚወጣው ያልታወቀው ቢሆን ጉዳቱ ያንሳል። ቁልፍ አገኘሁ የተባለ ሰው ይጠይቃል፤ ቁልፉን አገኘሁት የተባለ ሰው ቁልፍ ሠሪውን ይመልሳል።

ጠዋት ቅዳሴ ሲወጣ ማዳም መስኮቱ ጋ ቆማ የደብሩን ጉልላት እያየች ልደታ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁለት ዓመት የኖረችበት ሠፈር ነው። የሰዋስው አዋቂዎቻችን እሙር የሚሉት ነገር፣ ማለትም የታወቀው፣ በልጅነቴ ቄስ ትምህርት ቤት በጆሮዬ የገባው በዚህ ስም ነበር፤ ልብ ሳልለው። ግዕዝ አርቲክል የለውም። የደብሩ ሙሉ ስም ልደታ ለማርያም ነው። ልደት መወለድ ነው፣ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ኣ «የእርሷ» ማለት ናት፤ የእርሷ ልደት፣ የማርያም። ግዕዝ የታወቀ ነገርን ሲናገር ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው፤ ማንኛውም ልደት ሳይሆን ያ ልደት፣ የእርሷው። አማርኛም ከዚህ ብዙ አልራቀም፤ «ቤቱ» ስንል የእሱ ቤትም ነው፣ የታወቀው ቤትም ነው። ታክሲ ረዳቱ «ልደታ! ልደታ!» ሲል ግን ያቺን ኣ ማን ይሰማታል? ለገሃርና ልደታ በአንድ የባቡር መስመር ላይ ያሉ ሁለት ጣቢያዎች ናቸው፤ አንዱ መለያውን ከፊቱ፣ ሌላው ከኋላው ተሸክሞ። ማዳም «ሳ ኔሳንስ» አለች፤ የእርሷ ልደት። በትክክል ገብቷታል።

ይህን ሁሉ ቢሮዬ ለሚመላለስ አንድ ጠበቃ ሳጫውተው ሳይገረም ሰማኝና የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ውሳኔ ቁጥር 242ን አነሳልኝ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 1967 የወጣ ነው። እስራኤል በዚያው ዓመት በተደረገው ጦርነት ከያዘቻቸው ግዛቶች ጦሯን እንድታስወጣ ይላል። እንግሊዝኛው ግዛቶች የሚለውን ቃል ያለ አርቲክል አስቀምጦታል፤ ፈረንሳይኛው «ዴ ቴሪቷር» ይላል። ይህ ዴ ቅድም ያልታወቀ ብዙ ያልኩት ዴ አይደለም፤ ደ እና ሌ ተጋጥመው የሚፈጥሩት ነው፣ «ከግዛቶቹ» የሚል። ከግዛቶች ወይስ ከግዛቶቹ? ከሁሉም ወይስ ከአንዳንዶቹ? ዲፕሎማቶችና የሕግ ሰዎች ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ይከራከሩበታል። ጠበቃው ያጻፈኝን ወረቀት ተቀብሎኝ ሲወጣ የእማማን የአጥር ክስ እንደገና ከፍቼ አነበብኩት፤ «አጥሩ» ከ«አንድ አጥር» የቀደመበት ቦታ እንዳይኖር።

ከቡናው ሌሊት ማግስት ቁልፍ ሠሪው በሦስት ሰዓት መጥቶ የበሯን የቁልፍ ጋን ቀየረላት። ልከፍል ብል እምቢ አለች፤ ባለቤቴ ግን ለልጁ ጫማ ገዝታለት መጣች፣ ያንን መመለስ አልቻለችም። የጓጉንቸሩን ቁልፍ ለግቢው ጥበቃ ሰጠሁት። ሚስማር ላይ ሰቀለው፤ ከሥሩ እኔ ወረቀት ጽፌ ለጠፍኩ፦ «አንድ ቁልፍ ተገኝቷል።» ጥበቃው አንብቦ «ጋሼ፣ ቁልፉ ተገኝቷል ብንል አይሻልም?» አለኝ። አይሻልም አልኩት። በሦስተኛው ቀን የብሎክ ሁለት አንድ ልጅ፣ የብስክሌቱ ሰንሰለት ቁልፍ ኖሮ፣ መጥቶ ወሰደው።

ከዘጠኝ ቀን በኋላ የእድሩ ሳህኖች ለለቅሶ ሲወጡ፣ ከተቀመጡበት ጆንያ ሥር፣ በንፍሮው ቀን አብሮ የተሰበሰበ ረጅም የብር ቀለም ቁልፍ ተገኘ። ጥበቃው ለማዳም አደረሰላት። ጋኑ ተቀይሯል፣ የሚከፍተው በር የለም። ማታ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት ቆማለች፣ ቁልፉን በሁለት ጣቷ ከፍ አድርጋ ይዛዋለች፣ ልጁ ከኋላዋ ቀሚሷን ጨብጧል።

«ክሌ» አለች።

«ዩን?» አልኳት።

«ላ» አለች።